የጦርነት ታሪክ ጸሐፊው ዕዳው ለማን ነው?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። እውነት ነው። ይሁን እንጂ አባባሉ የሚወረሰውን ጽሑፍ ማን እንደጻፈው፣ በማን ቀለብ እንደጻፈው፣ ማንን ጠይቆ ማንን እንደተወ አይነግረንም። ነገሩ ስለ ጦርነት ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ከዋነኞቹ ምስክሮች ብዙዎቹ እዚያው ቀርተዋል። የተረፈው ወታደር ያየው እሱ የነበረበትን ምሽግ ብቻ ነው። አዛዡ ስሙን መጠበቅ ይፈልጋል። መንግሥት ሰነዱን «ምስጢር» ብሎ ይቆልፍበታል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ገብቶ «የሆነው ይህ ነው» የሚለው ሰው ማነው? ከየት መጣ? ምን ተምሮ፣ ምን ሠርቶ፣ ከማን በልቶ ነው እዚያ የደረሰው?

ሕግ የተማርኩ ሰው በመሆኔ ጉዳዩን የማየው ከማስረጃ ሕግ አንፃር ነው። ችሎት የዋለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በጠራራ ፀሐይ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ያዩ ሦስት ምስክሮች ሦስት ዓይነት ቃል ይሰጣሉ። ሦስቱም ላይዋሹ ይችላሉ። በመድፍ ጭስ መሐል፣ በፍርሃትና በውኃ ጥም ውስጥ ሆነው በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ያዩት ነገርማ ምን ያህል እንደሚለያይ መገመት አያዳግትም። የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ ሥራ በመሠረቱ የዳኛ ሥራ ነው። ምስክር ይሰማል፣ ሰነድ ይመረምራል፣ ቦታውን ሄዶ ያያል፣ ከዚያ ይወስናል። ከዳኛው የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ። ታሪክ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ እንጀራው የሚመጣው ከተከራካሪዎቹ ከአንዱ ቤት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማብራራት የምፈልገው ስለ ጦርነቶቹ ሳይሆን ስለ ጸሐፊዎቻቸው ነው። ወደዚህ ሙያ የሚገቡት በየትኛው በር እንደሆነና በሩ ምን ዕዳ እንደሚያሸክማቸው አንባቢ ካወቀ፣ የጦርነት መጽሐፍ ሲያነብ ምን መጠየቅ እንዳለበትም ያውቃል።

በጌታ ቀለብ የጻፉት

በአገራችን ጥንታዊው የጦር ሜዳ ዘገባ ፉከራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዘመቻ የተመለሰው ጀግና በጌታው ፊት ቆሞ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ ይዘረዝራል። ይህ በቃል ነው። በጽሑፍ ሲሆን ዜና መዋዕል ይባላል። የዐፄ ዐምደ ጽዮንን የ14ኛው ክፍለ ዘመን ዘመቻ የሚተርከው የግዕዝ ዜና መዋዕል በዘርፉ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የጸሐፊው ስም እኛ ዘንድ አልደረሰም። ለቤተ መንግሥቱ የቀረበ ሰው መሆኑ ግን ከአተራረኩ ይታወቃል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በሌላው ወገን ተመሳሳይ ሰው እናገኛለን። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ዘመቻ በዐረብኛ የጻፈው ሺሃብ አዲን አሕመድ፣ በቅጽል ስሙ ዐረብ ፈቂህ፣ የጂዛን ሰው ነበር። «ፉቱህ አል ሐበሻ» የተባለው መጽሐፉ ለኢማሙ ያደላ ቢሆንም የዘማቾቹን ስም፣ የየውጊያውን ቦታና ውሎ በዝርዝር ስለሚያስቀምጥ የዘመኑን ታሪክ የሚያጠና ሁሉ ሳያነበው አያልፍም። ወደ እኛ ስንቀርብ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክን ዜና መዋዕል ጽፈውልናል። ስለ ዓድዋ ከኢትዮጵያ ወገን ካሉን ዋና ዋና የጽሑፍ ምንጮች አንዱ የእሳቸው ነው።

የእነዚህ ሰዎች ዕዳ ግልጽ ነው። በአገራችን የበላበትን ወጭት የሚሰብር ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን። የንጉሥ ጸሐፊ የንጉሡን ስህተት እንዲጽፍ መጠበቅ ጠበቃ በደንበኛው ላይ እንዲመሰክር መጠበቅ ነው። ይህ ማለት ግን ጽሑፋቸው አይረባም ማለት አይደለም። ማንበብ ያለብን እንደ ፍርድ ሳይሆን አንድ ወገን እንዳቀረበው አቤቱታ ነው። የሌላው ወገን መልስ ሲገኝ ደግሞ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ይቻላል።

ዘምተው የጻፉት

ሁለተኛው በር የወታደር ቤት ነው። ጀርመናዊው ሃንስ ዴልብሩክ (እ.ኤ.አ. 1848 – 1929) በ1870 እና በ1871 በተደረገው የፕሩሲያና የፈረንሳይ ጦርነት ዘምቷል። ቀጥሎ የአንድ የፕሩሲያ ልዑል ሞግዚት መምህር ሆነ፣ በኋላም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር። በጊዜው የታሪክ ፕሮፌሰሮች የጦርነት ጥናትን የወታደሮች ሥራ አድርገው ይንቁ ነበር፤ መኮንኖቹ ደግሞ አንድ ሲቪል ምሁር ምን አገባው ይሉ ነበር። ዴልብሩክ በሁለቱም መካከል ቆሞ ዕድሜውን ፈጀ። ታላቁ ፍሬድሪክ ጠላቱን በማድከም ላይ የተመሠረተ ስልት ይከተል ነበር ብሎ በመጻፉ ከጄኔራል ስታፉ መኮንኖች ጋር ለዓመታት ተከራክሯል።

ዴልብሩክ ያስተማረን ትልቁ ነገር ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው፤ «ይህ ሊሆን ይችላል ወይ?» ሄሮዶቱስ የፋርሱ ንጉሥ ዘርክሲስ ከነጓዘኛው በሚሊዮን የሚቆጠር ሠራዊት ይዞ ግሪክን ወረረ ይላል። ዴልብሩክ በዘመኑ አንድ ጦር ሲጓዝ መንገድ ላይ የሚይዘውን ርዝመት አስልቶ፣ የዘርክሲስ ሰልፍ ግንባሩ ቴርሞፒሌ ሲደርስ ጭራው ገና ከጤግሮስ ማዶ ከሱሳ እየወጣ ነው ማለት እንደሚሆን አሳየ። ቁጥሩ በዚያው ወደቀ።

ይህንኑ ጥያቄ ወደ ዓድዋ ብናመጣው የምናገኘው መልስ ክብራችንን አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል። ብዙውን ጊዜ እንደሚጠቀሰው 100 ሺሕ ገደማ የሚሆን ሠራዊት ዓድዋ ላይ ከሰፈረ በቀን ስንት ዳውላ እህል ይበላል? ስንት አጋሰስ ይጭነዋል? ከየት ይመጣል? የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲቃረብ በሁለቱም ሰፈር ስንቅ እያለቀ ነበር። ምኒልክ ሠራዊታቸውን ይዘው ለመነሣት እያሰቡ ሳለ፣ ባራቲየሪም የስንቁ ነገር አስጨንቆት፣ ከሮም የክሪስፒ ግፊት በርትቶበት ወደፊት ተንቀሳቀሰ። የጦርነቱ ቀን የተወሰነው በጀግንነት ብቻ ሳይሆን በእህልም ነበር ማለት ነው። ያንን ሁሉ ሰው ከየክፍለ ሀገሩ አንቀሳቅሶ፣ ቀልቦ፣ እዚያ ድረስ ማድረስ ራሱ ምን ዓይነት አመራር እንደሚጠይቅ የሚገባን እህሉን ስንቆጥር ነው።

እንግሊዛዊው ሰር ማይክል ሃዋርድ (እ.ኤ.አ. 1922 – 2019) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ሳሌርኖ ላይ ተዋግቶ የጀግንነት ሜዳሊያ አግኝቷል። ከጦርነቱ በኋላ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ መምህር ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን የጦርነት ጥናት ክፍል አቋቋመ፣ በኋላም ኦክስፎርድ የታሪክ ፕሮፌሰር ሆነ። የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ርዕሱን «ካፒቴን ፕሮፌሰር» አለው። ሃዋርድ በ1961 ባደረገው ታዋቂ ንግግር አንድ ከባድ ነገር አንስቷል። ሠራዊት ስለ ራሱ የሚነግረው ያማረ ተረት ወታደሩን በጭንቅ ሰዓት ያጸናዋልና ጥቅም አለው። የታሪክ ጸሐፊው ግዴታ ግን ተረቱን መመርመር ነው፤ ሲመረምር ደግሞ የሚያዝን ሰው አይጠፋም። ሃዋርድ ይህን ሲል የሚደፍረው ያጣ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሰውየው ራሱ ከምሽግ የመጣ ነው።

በጋዜጣ በር የገቡት

ሦስተኛው በር ጋዜጠኝነት ነው። በዚህ በር የገቡት ቶሎ ይጽፋሉ፣ ብዙ ይነበባሉ፣ ብዙም ይሳሳታሉ። ባሲል ሊድል ሃርት (እ.ኤ.አ. 1895 – 1970) በሶም ጦርነት ተጎድቶ በካፒቴንነት ከሠራዊት ወጣ። ከዚያም ዴይሊ ቴሌግራፍና ታይምስ ለተባሉት ጋዜጦች የወታደራዊ ጉዳዮች ዘጋቢ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተማረኩ የጀርመን ጄኔራሎችን አነጋግሮ መጽሐፍ አወጣ። ነገር ግን ጄኔራሎቹ ለታንክ ውጊያ ስልታቸው የእሱ ባለውለታ እንደነበሩ እንዲጽፉለት ገፋፍቷል። በጉዴሪያን ማስታወሻ የእንግሊዝኛ ትርጉም ውስጥ በጀርመንኛው የሌለ የምስጋና አንቀጽ መገኘቱ ተጋልጧል። እዚህ ላይ ዕዳው ለንጉሥም ለጦር ሠራዊትም አይደለም፤ ለገዛ ስሙ ነው።

አሜሪካዊው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል (እ.ኤ.አ. 1900 – 1977) እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። እሱም ጋዜጠኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1943 በፓስፊክ ማኪን በተባለች ደሴት ላይ አንድ ዘዴ መጠቀም ጀመረ። ውጊያው እንዳበቃ ከአንድ ክፍል የተረፉትን በሙሉ ሰብስቦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስተርካቸዋል። ተራው ወታደር የመቶ አለቃውን ማረም ይችላል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን አውጫጭኝ ሲቀመጡ የአገሩን ሰው ሰብስበው እውነቱን በሁሉ ፊት ያወጡ የነበረበትን ሥርዓት ያስታውሰናል።

ማርሻል በዚሁ ዘዴ ኮሪያ ላይ ከቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ጋር ተገናኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው «ፖርክ ቾፕ ሂል» በተባለው መጽሐፉ የኢትዮጵያውያኑን የቅኝት ውጊያ አድንቆ ጽፏል። ከ120 በላይ ዘማቾቻችን የወደቁበት፣ አንድም ሰው ያልተማረከበት የኮሪያ ዘመቻ በውጭው ዓለም ከታወቀባቸው መንገዶች አንዱ ይህ መጽሐፍ ነው።

ነገር ግን ይኸው ሰው ቀደም ብሎ በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በውጊያ ላይ መሣሪያውን የሚተኩሰው ወታደር ከመቶ ከ15 እስከ 25 ብቻ ነው የሚል አኃዝ አውጥቶ ነበር። አኃዙ የሠራዊት ሥልጠና እስከመለወጥ ደረሰ። እሱ ከሞተ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1988 ሮጀር ስፒለር የተባለ ተመራማሪ ማስረጃውን ሲፈልግ በማርሻል ማስታወሻ ደብተሮች ውስጥ ማን ተኮሰ ማን አልተኮሰም የሚል ቆጠራ እንደሌለ አሳየ። ዘዴው ጥሩ ነበር፤ አኃዙ ግን ማስረጃ አልነበረውም። ስለ ጀግኖቻችን የጻፈልን ሰው ስለሆነ ብቻ ይህንን ማለፍ የለብንም። የራሳችን ሰው ዘማቾቹን በሰፊው በቋንቋቸው ጠይቆ፣ ቃላቸውን መዝግቦ ቢሆን ኖሮ በአንድ የውጭ ጋዜጠኛ ብዕር ላይ ይህን ያህል ባልተደገፍን ነበር።

በዚህ በር ከገቡት ሁሉ እኔ ባርኔጣዬን የማነሣለት ጣሊያናዊው አንጄሎ ዴል ቦካ (እ.ኤ.አ. 1925 – 2021) ነው። በወጣትነቱ ፋሺስቶችን የተዋጋ አርበኛ፣ ቀጥሎ ጋዜጠኛ፣ በኋላ በቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነበር። በ1965 ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት ባሳተመው መጽሐፍ የሙሶሊኒ ጦር የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ለገዛ ሕዝቡ ጻፈ። የቀድሞ ዘማቾች ተነሡበት፤ ከሃዲ ተባለ። በአገሩ እጅግ የተከበረው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በኢትዮጵያ ጦርነት መኮንን ሆኖ የተሳተፈ ስለነበር «እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ጋዝ አላየሁም» የሚል ክርክር ይዞ ቆየ። የማስረጃ ሕግ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን «አላየሁም» ማለት «አልነበረም» ማለት አይደለም። ዴል ቦካ የዓይን ምስክርን የመለሰው በሰነድ ነው፤ ቴሌግራሞችን፣ ትእዛዞችን፣ የአየር ኃይል መዝገቦችን አሰባስቦ። እ.ኤ.አ. በ1996 የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ጄኔራል ኮርቾኔ ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ አመኑ። ሞንታኔሊም ተቀበለ። ከ1965 እስከ 1996 ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ ከተናገሩት ጊዜ ጀምሮ ከቆጠርን ደግሞ ስድሳ ዓመት ይሆናል። ዴል ቦካ ዕዳውን ለአገሩ ጦር ክብር አልከፈለም፤ ለሞቱት ከፈለ። ከሞቱት የሚበዙት ደግሞ የእኛ ሰዎች ናቸው።

ጥይት ያልጮኸባቸው

አራተኛው በር የመማሪያ ክፍል ነው። ጆን ኪጋን (እ.ኤ.አ. 1934 – 2012) በልጅነቱ የአጥንት ሳንባ ነቀርሳ ይዞት እግሩን ስለጎዳው ወታደር መሆን አልቻለም። ይሁንና ከ1960 ጀምሮ ለ26 ዓመታት ሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ ውስጥ ታሪክ አስተማረ። በ1976 ያሳተመው «የውጊያ ገጽታ» የተሰኘው መጽሐፍ የሚጀምረው ጦርነት ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ በማመን ነው። ይህ ሰው ጄኔራሎቹን ትቶ ተራው ወታደር በአዠንኩር፣ በዋተርሉና በሶም ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ፣ ለምን እንዳልሸሸ ጠየቀ። ሙያውን የለወጠውም ይህ ጥያቄ ነው። ከውጊያ አለመምጣቱ የጎዳው አይመስለኝም። ዳኛ በግድያ ወንጀል ለመፍረድ ገዳይ ወይም ሟች መሆን አይጠበቅበትም።

አሜሪካዊቷ ባርባራ ተክማን ደግሞ ወታደርም ፕሮፌሰርም አልነበረችም፤ የዶክትሬት ዲግሪም አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመችው መጽሐፍ መሪዎች ሳይፈልጉት እንዴት አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ እንደገቡ የሚተርክ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አንብበውት ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት የኩባ ሚሳይል ቀውስ ሲፈጠር እንደ 1914ቱ መሪዎች ላለመሳሳት መጽሐፉን ይጠቅሱ እንደነበር ይታወቃል። የጦርነት ታሪክ ለሐውልትና ለበዓል ብቻ የሚፈለግ የሚመስለው ሰው ይህንን ያስብ።

በእኛ አገርስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ወጣት «የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ መሆን እፈልጋለሁ» ቢል በየትኛው በር ይገባል? ሰው ጠፍቶ አይደለም። ፕሮፌሰር ገብሩ ታረቀ በ2009 እ.ኤ.አ. በዬል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ስለ አብዮቱ ዘመን ጦርነቶች ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ፋንታሁን አየለ የተባሉት የታሪክ ምሁር ከ1977 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የነበረውን የኢትዮጵያ ጦር ከድል እስከ ውድቀት የሚያጠና መጽሐፍ በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካን አገር አሳትመዋል። ስለ ዓድዋ በሰፊው ከተነበቡት የቅርብ ጊዜ መጻሕፍት አንዱን የጻፉት ሬይመንድ ጆናስ ደግሞ ቀድሞ የፈረንሳይ ታሪክ አጥኚ የነበሩ አሜሪካዊ ናቸው። ሦስቱም መጻሕፍት በእንግሊዝኛ፣ ባሕር ማዶ የታተሙ ናቸው። በአማርኛ በብዛት ያለን የመኮንኖች ማስታወሻ ነው። ማስታወሻዎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ እኔም እየገዛሁ አነባለሁ። ግን ማስታወሻ የባለጉዳዩ ቃል ነው። ጄኔራሉ ሽንፈቱን ሲተርክ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጎኑ ባለው ክፍለ ጦር ወይም ከበላይ አካል ነው።

የሰነዱ ነገርም አለ። ብሪታንያ በ1967 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ሰነድ በመርህ ደረጃ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንዲከፈት ወሰነች፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ወደ ሃያ ዓመት ዝቅ እያደረገችው መጥታለች። የብሪታንያ የጦርነት ታሪክ ጸሐፊዎች ብዛት ያላቸው በብልጠታቸው ብቻ አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ የሚከፈት በር ስላላቸው ነው። በእኛ አገር በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 መረጃ የማግኘት መብትን ደንግጎ፣ የመከላከያና የደኅንነት ጉዳዮችን ከልክሎ ለማቆየት የሚያስችል በርም አስቀምጧል። ክልከላው በየትም አገር አለ። ችግር የሚሆነው ያለፈውና የአሁኑ ሳይለይ ሲቀርና አጥኚው የሚገባው በሕግ ሳይሆን በባለሥልጣን ፈቃድ ሲሆን ነው። ፈቃድ የሰጠ ሰው ውለታ ይጠብቃል። ዞሮ ዞሮ ወደ ንጉሡ ቀለብ ተመለስን ማለት ነው።

ከሰነዱ ይልቅ የሚያጣድፈው ግን የሰው ምስክር ነው። በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ሃያ ዓመቱ የነበረ ወጣት ዛሬ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግቷል። የ1980ውን አፋቤት ያዩት፣ በዚህም በዚያም ወገን የነበሩት፣ ጸጉራቸው ነጭቷል። በ1990 ዓ.ም. በባድመ ምክንያት በተነሣው ጦርነት የዘመቱት ጎልማሶች አልፈው ወደ እርጅና እየሄዱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተነሥቶ በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው የሰሜኑ ጦርነት ምስክሮች ወጣቶች ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ወገን የራሱን ፉከራ ይዞ ተቀምጧል። ሌላውን ወገን ሳይሰሙ መፍረድ በሕግ ነውር ነው። በታሪክ ሲሆን ደግሞ ከነውርም ያልፋል፤ ዛሬ ያልተሰማው ወገን ነገ ልጁን የሚያሳድገው ባልተሰማው ታሪክ ነውና።

ሕግ ለዚህ መላ አለው። በሞት ወይም በሕመም ሊታጣ የሚችል ምስክር ካለ ዋናው ክርክር እስኪደርስ ሳይጠበቅ ቃሉ አስቀድሞ ይመዘገባል። የእኛም ሥራ ይኸው ነው። የታሪክ ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን መቅጃ አስይዘው ወደ ጡረተኛው ወታደር፣ ወደ ታጋዩ፣ ወደ ስንቅ አቀባይዋ፣ ውጊያው በማሳው ላይ ወዳለፈበት ገበሬ መላክ ይችላሉ። ይህ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም። መንግሥት የአሮጌ ጦርነቶችን ሰነድ በስንት ዓመት እንደሚከፍት ቁርጥ ያለ ቀን ያስቀምጥ። የመከላከያ ዩኒቨርሲቲም ዕጩ መኮንኖችን ድልን ብቻ ሳይሆን ሽንፈትንም ያስተምር፤ ለምን እንደተሸነፈ ያልጠየቀ ሠራዊት ያንኑ መንገድ ደግሞ መሄዱ አይቀርምና።

ለአንባቢም አንድ ነገር ልተው። የጦርነት መጽሐፍ ሲገዙ ከሽፋኑ ቀጥሎ ስለ ጸሐፊው የተጻፈውን ያንብቡ። የት ነበር? ማን ፈቀደለት? ማንን ጠየቀ? ከተሸነፈው ወገን ስንት ሰው አነጋገረ? ለእነዚህ መልስ የሌለው መጽሐፍ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ግን ገና አንድ ወገን ብቻ የተሰማበት ክርክር መሆኑን አውቆ ማንበብ ይሻላል።

ቸር እንሰንብት።